ግንቦት 17ን ጣና ዳር ማክበር ለምትፈልጉ፣ እኛ ያለፍንበትን ልንገራችሁ

የአፍሪካ ቀንን ባህር ዳር ላይ ማዘጋጀት አስበን ነበር ከምን እንጀምር እያለ የሚደውልልኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ስንት ወንበር፣ ስንት ካርቶን ውሃ የሚለውን ማንም ሰው ያውቀዋል፣ እሱን እዘለዋለሁ። የምጽፈው ያቃጠለንን እና ያወጣንን ነገር ብቻ ነው።

እኔ ባህር ዳር ተወልጄ ሽምብጥ ነው ያደግኩት፣ ከዛ ረጅም ጊዜ አሜሪካ ዋሽንግተን አካባቢ ኖሬ አባቴን ለማስታመም ተመልሼ እዚሁ የቀረሁ ሰው ነኝ። እዛ እያለሁ ከስራ ጓደኞቼ ጋር፣ አንዷ ጋናዊት አንዱ የትሪኒዳድ ልጅ ነው፣ በየዓመቱ የፈረንጆቹ ሜይ መጨረሻ ላይ የአፍሪካ ነፃነት ቀን ሲከበር እሄድ ነበር። ሳር ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ከበሮ እየተመታ፣ ህፃናት እየሮጡ፣ አንዱ ጥግ መፅሀፍ ሌላው ጥግ የተጠበሰ ሙዝ እየተሸጠ ሚውል ነገር ነው። እዛ ነው የቀኑን ታሪክ የሰማሁት። መነሻው በፈረንጅ 1958 የጋናው መሪ ንክሩማ ያኔ ነፃ የነበሩትን አገሮች አክራ ላይ ሰብስቦ ኤፕሪል 15 የአፍሪካ የነፃነት ቀን ይሁን የተባለበት ጉባኤ ነው፣ በኋላ 32 አገሮች አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሰርቱ ቀኑ ወደ ሜይ 25 ዞረ፣ በኛ ግንቦት 17 ቀን 1955 መሆኑ ነው። በ1972 ደሞ፣ አሁንም በፈረንጅ፣ ሞዛምቢክና አንጎላና ጊኒ ቢሳው ገና ከፖርቱጋል ጋር እየተዋጉ ስለነበር ዋሽንግተን ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር አሜሪካውያን እነሱን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። አገሮቹን በአይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው እኮ።

እና ባህር ዳር ስመለስ ግንቦት 17 ዝም ብሎ ያልፋል። የባህር ዳሩ ፖሊቴክኒክ፣ ፖሊ የምንለው፣ ራሱ በሶቪየቶቹ ትብብር የተቋቋመው በዛው በ1955 ነው፣ ያ ትውልድ አፍሪካ አፍሪካ ሲል ነው ያደገው፣ አሁን ግን የሚያስታውስ የለም። የዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ በር አካባቢ ሻይ ስጠጣ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከታንዛኒያ፣ ከኡጋንዳ የመጡ ተማሪዎችን አገኛለሁ፣ ለብቻቸው ተቀምጠው ለብቻቸው ይሄዳሉ። አንዷን አዋራኋትና እዚህ ከመጣች ጀምሮ አበሻ ቤት ገብታ ቡና ጠጥታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ባህር ዳር ላይ! እንግዳ ካልበላልኝ ብሎ የሚለምን ህዝብ መሀል ቁጭ ብላ። ሀሳቡ የመጣው ከዛ ነው።

ኮሚቴ አቋቋምን፣ ሁለት አስተማሪዎች፣ አንድ አስጎብኚ፣ እኔና ሌሎች ሁለት ጓደኞቼ። ውጭ ያለውን ሰው ለማሳተፍ ብለን ቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። መጀመሪያ እንዴት ደስ ይል ነበር፣ ከስቶክሆልም፣ ከዳላስ፣ ከዱባይ፣ ሁሉም እኔ አለሁ ባይ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ጭቅጭቁ ጀመረ፣ የትኛው ባንዲራ ይሰቀል፣ አድዋ የማን ነው፣ አገር እንዲህ ሆኖ ምን በዓል አለ፣ አዘጋጆቹ እነማን ናቸው ከኋላቸው ማን አለ። ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ፣ ከዛ ሁለተኛውም ተከፈለ። ቃል ከተገባልን ብር ውስጥ የገባው በጣም ጥቂቱ ነው፣ እኛ ደሞ ድንኳኑንም ሳውንዱንም በቃል ብር አዘን ነበር። ምክሬ አንድ ነው፣ እጃችሁ ላይ ያለውን ብቻ ቆጥራችሁ አቅዱ፣ የቀረው ከመጣ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጥ። ግሩፕ ከከፈታችሁም ማስታወቂያ ብቻ የሚለጠፍበት ይሁን፣ አስተያየቱን ዝጉት። ጨካኝ ይመስላል፣ ግን ሰላም አለው።

ቦታው ሌላ ጣጣ ነው። ጣና ዳር ግቢ ያለው አንድ ሆቴል በቃል ተስማምተን፣ ልጆቹ ፖስተሩን ሁሉ ለጥፈው፣ ሶስት ቀን ሲቀረው ደውለው ስልጠና መጣብን አሉን። ባህር ዳር ለኖረ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግንቦት ላይ መስሪያ ቤቱ ሁሉ የቀረችውን በጀት በስልጠና ነው ሚጨርሳት፣ አዳራሽ በሰዎቹ አበልና በሻይ ሰዓት ብስኩት ይሞላል፣ አፍሪካም ሆነች ማንም ተራ አያገኝም። ስለዚህ ቦታ ስትይዙ ቀብድ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ያዙ፣ በወረቀት ተፈራረሙ፣ የሚሰርዘው ወገን ምን እንደሚከፍል ጭምር ይጻፍ። እኛ በመጨረሻ ሀይቁ ዳር የከብት ሳር የሚታጨድበት ሜዳ ከአንድ ባለይዞታ ለመንን። አሁን ሳስበው ከሆቴሉ ይሻላል፣ ያን ለታ ግን አልቅሻለሁ።

ፈቃድን በተመለከተ አጭር ላድርገው። ያለ ፈቃድ እንዳትሞክሩት፣ የከተማውን ሁኔታ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ደብዳቤያችሁ ላይ የፕሮግራሙን ዝርዝር፣ የሚመጣውን ሰው ብዛት፣ ተጠያቂ የሚሆኑትን ሰዎች ስም፣ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ሰዓት ጻፉ፣ የውጭ ዜጋ ካለ የፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ኮፒ አያይዙ። ኮፒውን አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ኪሱ ውስጥ ይያዝ። በቀን አድርጉት፣ ከ11 ሰዓት በፊት ሰው ቤቱ ይግባ።

በቀን ስል ደሞ በጠዋት ማለቴ ነው። አስጎብኚው ጓደኛችን መጀመሪያ እንግዶቹን ዘጌ ወስዶ ኡራ ኪዳነ ምህረትን አሳይቶ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ፕሮግራሙ እንዲጀመር ፈለገ። ጀልባ ነጂዎቹ ግንቦት ከሰዓት ጣና ይቆጣል እያሉ ነግረውታል። ደግሞም 17 የእስጢፋኖስ ቀን ነው፣ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚሄድ ሰው ስላለ ጀልባ እንደልብ አይገኝም። ብቻ እንግዶቹ ዘግይተው መጡ፣ ከነሱ ጋር ነፋሱም መጣ፣ ከነፋሱ በኋላ ያ የግንቦት ትልልቅ ጠብታ። የድንኳኑ ካስማ ተነቅሎ ሸራው እንደ ጀልባ ሸራ ተነፋ። ሞንታርቦዎቹን በምንጣፍ ሸፍነን እኛ ዝናቡ ላይ ቆምን፣ ዕቃው የኪራይ ነዋ።

ዝናቡ ግን የዛን ቀን ትልቁ ችግር አልነበረም። ከዝናቡ በፊት የክብር እንግዳ ንግግር ነበረን። ሰውየው አዋቂ ናቸው፣ ክፉም አይደሉም፣ ማን እንደሆኑ አልናገርም። 15 ደቂቃ የተሰጣቸውን አንድ ሰዓት አደረጉት፣ ሰዓቱን ሙሉ ስለ አድዋ። እኔ አድዋ ሲነሳ ውስጤ ይሞቃል፣ ያን ለታ ግን ፊት ለፊት የተቀመጡትን ልጆች ፊት እያየሁ ስለነበር አልሞቀኝም። አንድ ቦታ ላይ ሌላው ሁሉ ሲገዛ እኛ ብቻ አልተገዛንም፣ አንገታችንን አልደፋንም ብለው ጠረጴዛውን መቱ፣ አበሻው አጨበጨበ፣ እነዛ ልጆች ጫማቸውን ነው የሚያዩት። አስተርጓሚዋ ልጅ እሱን አረፍተ ነገር ስትደርስ ድምጿ ቀነሰ። ዝናቡ ሲመጣ ግማሹ ተማሪ ባጃጅ ይዞ ሄደ፣ እኔ እንኳን በዝናቡ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በማግስቱ ከደቡብ ሱዳን የመጣው ልጅ ወንበር ሊመልስ ሲያግዘን ቀስ ብሎ አወራኝ። አድዋን ትምህርት ቤት ተምረነዋል እህቴ፣ እንወደዋለን አለኝ፣ ግን እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እናንተስ እንዴት ነፃ ወጣችሁ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ከዛ ሳልጠይቀው አባቱ ጋምቤላ ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ እንዳደገ፣ እስካሁን አማርኛ እንደሚሰማ፣ ልጁ ባህር ዳር ሲመደብለት አባትየው ስልክ ላይ "በርታ፣ አይዞህ" ብሎ በአማርኛ እንዳወራው ነገረኝ። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ። ወንበሩን ተሸክሜ ምን እንደምመልስለት ጠፍቶኝ ቆምኩ።

የሚቀጥለው ዓመት ላይ ሁሉም ነገር የተቀየረው በዚህ ነው። ኮሚቴውን ገለበጥነው፣ ፕሮግራሙን የሚያወጡት ተማሪዎቹ ሆኑ፣ እኛ ፈቃድ አስፈቃጅ፣ ወንበር አንሺ፣ ሽንኩርት ከታፊ ሆንን። ህጉ ቀላል ነበር፣ እያንዳንዱ አገር 10 ደቂቃ፣ ስለራሱ የነፃነት ታሪክ፣ ዊኪፒዲያ ላይ የሌለ አንድ ነገር ከቤተሰቡ ጠይቆ ይምጣ። የክብር እንግዳ የሚባል ነገር የለም፣ መድረክም የለም፣ ሁሉም ሳር ላይ ክብ ሰርቶ ይቀመጣል። አንድ ሽማግሌ ያለ መድረክ ምን በዓል ነው ብለው ተቆጡ፣ በኋላ ግን ጋቢያቸውን አንጥፈው ከሁሉም ፊት የተቀመጡት እሳቸው ናቸው።

የደቡብ ሱዳኑ ልጅ አገሩ ነፃ ስለወጣችበት ስለ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ተናገረ፣ ከዛ በፊት በነበረው ህዝበ ውሳኔ ከ98 በመቶ በላይ ህዝብ መለየትን ሲመርጥ እናቱ ድምፅ ልትሰጥ እሱን ይዛ ከሌሊት ጀምሮ ሰልፍ ላይ ቆማ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለም ለቀናት ሳትታጠበው እንደቆየች። ከዛ በኋላ አገሩ ምን እንደሆነችም አልደበቀም፣ ባንዲራ ማውጣት ብቻውን እንደማይበቃ እኛ እናውቃለን አለ። ታንዛኒያዊቷ ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሰረት የነፃነት ኮሚቴው ዋና ቢሮ ዳሬሰላም እንዲሆን መደረጉን፣ ኮንግዋ የሚባል ቦታ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከናሚቢያ የመጡ ታጋዮች የሚሰለጥኑበት ካምፕ እንደነበር ነገረችን፣ አያቷ ለነዛ ልጆች ወተት ትሸጥላቸው ነበር፣ ገንዘብ የሌለውን በዱቤ፣ አንዳንዱ ዱቤውን ሳይከፍል ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ አልተመለሰም። አያትየዋ እስካሁን የማን ስንት እንደሆነ ታስታውሳለች ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሷም እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

የኛን ተራ ለአንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሰጠናት። የካቲት 23 ቀን 1888 ብላ ጀመረች፣ ግን ስለ ውጊያው ሳይሆን ወሬው ባህር ተሻግሮ ማን ጋ እንደደረሰ ነው የተናገረችው። ሄይቲያዊው ቤኒቶ ሲልቫን ከአድዋ በኋላ ምኒልክን ሊያይ ድረስ መምጣቱን፣ ጣልያን በ1928 ተመልሳ ስትመጣ ከቺካጎ ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር ፓይለት መጥቶ ለኢትዮጵያ መብረሩን፣ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ህክምና የተማረው ዶክተር መላኩ በያን ኒው ዮርክ ላይ በፈረንጅ 1937 የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን አቋቁሞ ጥቁር አሜሪካውያን ሳንቲም እያዋጡ እንደረዱን። ማለትም አድዋን ስናወራ እዛ ያጨበጨቡልንንም፣ በኋላ የደረሱልንንም አብረን አወራን። ያው አድዋ ነው፣ ግን ማንም አንገቱን አልደፋም። ለዚህ ነው ለአዘጋጅ ሁሉ የምለው፣ የኛን ታሪክ የመጀመሪያው ላይ አታድርጉት፣ መሀል ላይ ይግባ፣ አጭር ይሁን፣ ሌሎቹ ያሉበት ታሪክ ይሁን።

ያን ዓመት ከሻሸመኔ የራስታ እንግዶች ነበሩን፣ ጃማይካ የተወለደች፣ ሁላችንም ማማ የምንላት ትልቅ ሴት እና አብረዋት የመጡ ከበሮ መቺዎች። የሻሸመኔውን መሬት ጃንሆይ የሰጡት በዛው ፌዴሬሽን በኩል ስለሆነ መላኩ በያን ሲነሳ ማማ እጇን ወደ ሰማይ አነሳች። ከበሮዎቹ ሶስት ናቸው፣ ትልቁ ባስ፣ መሀሉ ፉንዴ፣ ትንሹ ሪፒተር፣ መሀሉ እንደ ልብ ትርታ ይመታል ትንሹ ከላይ ያወራል። ናያቢንጊ ይሉታል። ይሄኔ ከኡጋንዳ የመጣው ልጅ ተነስቶ ይሄ ስም እኮ የኛ ሰፈር ነው አለ። ኪጌዚ፣ ከሩዋንዳ ጠረፍ አጠገብ። ሙሁሙዛ የምትባል ሴት በናያቢንጊ መንፈስ ስም ህዝቡን አስነስታ ቅኝ ገዢዎቹን ስትዋጋ እንግሊዞች በፈረንጅ 1911 እንደያዟት፣ አያቱ ስሟን ሲጠሩ ድምፃቸውን እንደሚቀንሱ ነገረን። ማማ ስለ ሙሁሙዛ ሰምታለች፣ ከዛ አገር የመጣ ሰው ግን አይታ አታውቅም። ሪፒተሩን አምጥታ ልጁ ጭን ላይ አስቀመጠችው። መምታት አይችልም፣ አስተማረችው። እኛ አበሾቹ ዳር ቆመን አየን፣ ከዛ ሁሉ ፕሮግራም ያላቀድነው እሱ ብቻ ነው።

አንድ አስቸጋሪ ነገር ግን ሳልጽፍ አላልፍም። ባህር ዳር ላይ ስለ ነፃነት ሲወራ በላይ ዘለቀን መዝለል አይቻልም፣ አዝማሪያችንም አልዘለለውም። ማሲንቆውን ይዞ በረኸኛውን አምስት ዓመት ሲዋጋ አወደሰና በመጨረሻ ወደ ስቅላቱ መጣ፣ በ1937፣ በጃንሆይ መንግስት። ፊቱ የተቀመጡት ደግሞ ጃንሆይን እንደ አምላክ የሚያዩ ሰዎች ናቸው። አስተርጓሚዋ ወደኔ ዞራ ልተርጉመው ወይስ ልዝለለው ብላ አንሾካሾከች። ደሜ ቀጥ አለ። ማማ ግን ገብቷታል፣ ተርጉሚው ልጄ አለች። ሰማችው። ትንሽ ዝም ብላ ጃንሆይ ለኛ ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ፣ ይሄ ሰው ለናንተ ምን እንደሆነ ደሞ ዛሬ አወቅን፣ ልጆች ነበሩት ወይ ብላ ጠየቀች። አዝማሪው መለሰላት። ሁለቱም ሀሳባቸውን አልቀየሩም፣ አንዳቸውም አልተነሱም፣ በኋላ አሳ አብረው በሉ። ከኮሚቴው አንዱ ከዚህ በኋላ አዝማሪው ምን እንደሚዘፍን ቀድመን እንየው ብሎ ነበር፣ እኔ አልተስማማሁም፣ እስካሁንም አልስማማም። የሚያስፈራ ነገር ሁሉ ከተቆረጠ የሚቀረው የቱሪስት ትርኢት ነው።

አሳ ስል፣ ምግቡን በደንብ አስቡበት። ሙስሊምም ክርስቲያንም በሚገኝበት ድግስ የማን እጅ አረደው የሚለው ነገር አለ፣ ሁለት ወጥ ሁለት ድስት ሁለት ቢላ ይፈልጋል፣ አንዱ ማንኪያ ተቀላቀለ ከተባለ አለቀ። አሳ ግን የክርስቲያን የሙስሊም የለውም። ቆሮሶውን ጠዋት ከአስጋሪዎቹ በቀጥታ ገዛን፣ ግማሹ ጥብስ ግማሹ ጎላሽ ሆነ፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ በላ። ግንቦት 17 ብዙ ጊዜ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ረቡዕ ወይ አርብ ቢሆን እንኳን ፆም የለም፣ ካሌንደሩን ግን እዩት፣ ፋሲካ በጣም በቀደመበት ዓመት ሰኔ ፆም ሊገባባችሁ ይችላል። ራስታዎቹ ደግሞ ብዙዎቹ ስጋ አይበሉም፣ አሳም የማይበላ አለ፣ ጨውም የማይነካ አለ። ለምግብ ሰሪያችን እትዬ ሽሮውንና ምስሩን ያለ ጨው ይስሩልን ስላቸው ደነገጡ፣ "ምነው ልጄ፣ ሁሉም ደም ግፊት አለባቸው እንዴ?" አሉኝ። እምነታቸው ነው ብዬ ሳስረዳቸው እህ ብለው ሄደው ሽሮውን በነጭ ሽንኩርትና በበሶብላ እንዲህ አድርገው ሰሩት፣ ባለ ጨው የተሰጣቸው ሁሉ ከዛኛው ካልሆነ ብለው ተሻሙ።

ባንዲራ ላይ ሁለት ነገር። ለሰፊ ስትሰጡ በስልክ ፎቶ አሳዩት እንጂ በቃል አትንገሩት፣ እኛ የማሊን አሰፍተን ጊኒ ሆኖ መጣ፣ ሁለቱም ሶስት ቁም መስመር ነው፣ ማሊ ከአረንጓዴ ይጀምራል ጊኒ ከቀይ፣ ሰፊው ዞር ስታደርጊው እኮ ያው ነው አለኝ፣ እውነቱንም ነው፣ ዘንጉን በሌላው በኩል አስገባንና ተገላገልን። ሁለተኛው ቀልድ የለውም። የሻሸመኔ እንግዶች አንበሳ ያለበትን ይዘው ይመጣሉ፣ በር ላይ የቆመው የፀጥታ ልጅ ደግሞ ህጉ የሚያውቀው ኮከብ ያለበትን ነው። ጭቅጭቅ ሊጀመር ሲል ማማ ራሷ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ኮፍያዋና ሻሿ ላይ ያለውን ማንም አልነካባትም። እንግዶቻችሁን ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ፈቃድ ስትጠይቁም የሃይማኖት ልብስ የለበሱ እንግዶች አሉ ብላችሁ ደብዳቤው ላይ አስገቡት፣ በር ላይ ማስረዳት ከባድ ነው።

የሰፈሩን ልጆችም እንዳትረሱ። አጥር ላይ ተንጠልጥለው ከሚያዩ ብለን የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጀን፣ ሽልማቱ ደብተርና እስኪሪብቶ። ማንዴላ ወደ ኢትዮጵያ ሲበር ምን አይቶ ደነገጠ የሚለው ጥያቄ ላይ አንዱ "አንበሳ!" ብሎ ጮኸ። መልሱ ጥቁር ፓይለት ነው፣ ከዛ በፊት አይቶ እንደማያውቅ ራሱ በህይወት ታሪኩ ጽፎታል። ልጁ ትንሽ አሰበና ታዲያ ማን ሊያበረው ነበር አለ። ታንዛኒያዊቷ ተሸክማ አዞረችው።

ለዘንድሮ ያሰባችሁ ካላችሁ ከአብይ ፆም ጀምራችሁ ተማሪዎቹን አግኙ፣ ፈተና ወደ ሰኔ ስለሚጠጋ ግንቦት ላይ ሄዳችሁ ብትጠይቋቸው ጊዜ የላቸውም። አካባቢው ላይ ለቅሶ ወይም ንግስ እንዳለ ከጎረቤት ጠይቁ፣ ሞንታርቦውን ወደ ሀይቁ ሳይሆን ወደ ሰዉ አዙሩ፣ ድምፅ ውሃ ላይ ሩቅ ስለሚሄድ ገዳማቱ ድረስ ይሰማል። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ጄኔሬተሩን ነዳጅ ሞልታችሁ ማታውኑ አስነስታችሁ ሞክሩት። ጠዋት 3 ሰዓት ጀምራችሁ 8 ሰዓት ላይ ጨርሱ። የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሰበስቡ ልጆች ከመጀመሪያው ይመደቡ፣ እምቦጩ የበቃው ሀይቅ ላይ ሃይላንድ አንጨምርበት፣ እና ወንበር ስትመልሱ ቆጥራችሁ አስፈርሙ፣ እኛ የጎደለብንን እስካሁን እየከፈልን ነው።